የፒሮጊ ልብ በሚዙሪ ችሎት

ኤመሪ ኮቫች ስትሮክ ከመታው በኋላ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር የሚያስነሣው ነገር ጠፋ። ቀኝ እጁ ዝሏል፤ ምላሱም ከሐሳቡ ኋላ እየቀረ ያስቸግረዋል። ሐኪሙ "ካልተራመደ እግሩ መራመድ ይረሳል" ቢልም፣ ኤመሪ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ቆሞ የሠራ ሰው ስለሆነ፣ አሁን መቀመጥ መብቱ እንደሆነ ነው የሚናገረው። እህቱ ሎሬታ ለመነችው፤ ተቆጣችው፤ በኬክ ልታባብለውም ሞከረች። ወይ ፍንክች።

ሁለቱ የሚኖሩት ፔንሲልቫኒያ ውስጥ፣ ሃርዊክ በምትባለው ከተማችን፣ ወላጆቻቸው በተዉላቸው ቤት ነው። ኤመሪ አንድ ጊዜ አግብቶ ወጥቶ ነበር፤ ትዳሩ ሲፈርስ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። ሎሬታ አላገባችም። የላውንደሪ ቤት ነበራት። የከተማው ሰው ኮትና ቀሚስ ሁሉ በእጇ አልፏል፤ የማን ሸሚዝ ላይ የማን ሊፕስቲክ እንደነበረ ታውቃለች፤ ተናግራ ግን አታውቅም።

ልጆች ሳሉ አባታቸው ጥጃ የሚያህል ጥቁር ውሻ ነበረው። ኤመሪ ከታመመ ወዲህ ፊቱ የሚፈታው የዚያ ውሻ ነገር ሲነሣ ብቻ ነው። ሎሬታ ይህን ልብ አለች። አንድ ቀን ኮምፒውተሯን ከፍታ ፈለገችና ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ያንኑ ዝርያ እያራባች የምትሸጥ ጆሊን ቲብስ የምትባል ሴት አገኘች። ፎቶው ላይ ቡችሎቹ ሣር ላይ ይንከባለላሉ፤ ከሥሩ "ከዘር በሽታ ነጻ" ተብሎ ተጽፏል። ሎሬታ ደወለች።

"እናቴ፣ ለታመመ ወንድምዎ ከሆነማ እኔ ራሴ ነኝ የምመርጥልዎት" አለቻት ጆሊን። ድምፅዋ ሞቅ ያለ ነው። "ረጋ ያለውን፣ ጭን ላይ የሚተኛውን።"

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ረጅም ውል መጣ። ሎሬታ ላውንደሪዋ ግድግዳ ላይ "ለተበጠሰ ቁልፍ ኃላፊነት አንወስድም" የሚል ማስታወቂያ ለጥፋ ኖራ፣ አንድም ሰው ሲያነበው አይታ አታውቅም። እሷም አላነበበችም። "እስማማለሁ" የሚለውን ተጫነችና ገንዘቡን ከባንክ አስተላለፈች።

ቡችላው የመጣው በጭነት መኪና፣ ከሌሎች ቡችሎች ጋር፣ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ወዳለው ነዳጅ ማደያ ነው። ሎሬታ ኮቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ቤት አመጣችውና ኤመሪ እግር ሥር አስቀመጠችው። ቡችላው አካባቢውን አሸተተ፤ አሰበ፤ የኤመሪ ነጠላ ጫማ ላይ ሸና።

"ወይ ጉድ!" አለች ሎሬታ።

ኤመሪ አጎንብሶ አየው። ሆዱ ከመወጠሩ የተነሣ እግሮቹ አይታዩም። እናታቸው እሑድ እሑድ ድንች ሞልታ የምትቀቅላቸውን ክብ ሊጦች ሳይመስለው አልቀረም።

"ፒ... ሮጊ" አለ፤ የእነዚያ ሊጦች ስም ነው። ከዚያም ቡችላው ወደ በሩ ሲንከባለል ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ። በዚያ ሳምንት እስከ ፖስታ ሳጥኑ፣ በሚቀጥለው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ደረሱ። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ያያል፤ ግን ኤመሪ እንዳያፍር ሁሉም አላየሁም ባይ ነው።

ወሩ ሳይሞላ ፒሮጊ ደረጃ ላይ ወደቀ። አልተደናቀፈም። እየወጣ ሳለ እግሮቹ ከዱትና በጎኑ ተዘረረ፤ ድዱ ነጭ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሥቶ ጭራውን ወዘወዘ። ሎሬታ ግን ወንድሟ ወጥ ቤት ውስጥ የወደቀበትን ቀን አይታለችና አልተታለለችም። አንሥታ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ ዶክተር ዮስት ወሰደችው። ዶክተሯ ደረቱን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ ወደ ትልቁ ከተማ ልካም ልቡን በአልትራሳውንድ አስነሣችው። ውጤቱ ሲመጣ ወንድምና እህቱን አስቀምጣ ነገረቻቸው።

"ደም ከልቡ የሚወጣበት መንገድ ጠቧል። አብሮት የተወለደ ነው፤ ከወላጆቹ የወረሰው። መድኃኒት እሰጠዋለሁ፤ ግን አይሩጥ፣ አይዝለል። በቀስታ መራመድ ይችላል።"

"እኔን ነው..." አለ ኤመሪ፣ "ወይስ ውሻውን?"

ዶክተር ዮስት ሳቀች፤ ሎሬታ ግን አልሳቀችም። "ስንት ዓመት ይኖራል?"

"ልዋሽሽ አልፈልግም። አንዳንዱ ዓመት አይደፍንም። አንዳንዱ ሁለትም ሦስትም ይቆያል። ይልቅ እናቱና አባቱ መመርመር አለባቸው። ችግሩ ያለበት ወላጅ ዳግም መራባት የለበትም።"

ሎሬታ በዚያው ቀን ሚዙሪ ደወለች።

"ውይ እናቴ፣ እንዴት ያሳዝናል!" አለች ጆሊን። "ምንም ችግር የለም። ይላኩልኝና በሌላ እለውጥልዎታለሁ። ውሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

"መልሼ ብልክልሽ ምን ታደርጊዋለሽ?"

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የውሾች ጩኸት ይሰማል።

"እሱ የኛ ጉዳይ ነው፣ እናቴ።"

"እናቱስ? ታስመረምሪያታለሽ?"

"እናቱ ደህና ናት። ይመልሱታል ወይስ አይመልሱትም?"

ሎሬታ ስልኩን ዘጋች። ኤመሪ ቡችላውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ሁሉንም ሰምቷል። "እኔንስ..." አለ፣ "የምትመልሺበት... አድራሻ አለሽ?"

"አንተንማ ማን ይቀበለኛል" አለችው። ይህን ብላ ወደ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

በማግስቱ የከተማችን ፍርድ ቤት ጸሐፊ ወደሆነው ወደ ዋሊስ ግሩብ ሄደች። ዋሊስ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ዜና ሲናገር ግን መነጽሩን ያወልቃል።

"የኛ ግዛት ሕግ ለገዢ አይጨክንም" አላት። "ሐኪም በቶሎ ታሟል ብሎ ካረጋገጠ፣ ወይ መልሰሽ ገንዘብሽን ትወስጃለሽ፣ ወይ ትለውጫለሽ፣ ወይ ደግሞ ውሻውን ይዘሽ የሕክምናውን ወጪ ትጠይቂያለሽ።"

"ታዲያ ምን ቀረኝ?"

ዋሊስ መነጽሩን አወለቀ። "ሴትየዋ ቀረችሻ። ያለችው ሚዙሪ ነው። እዚህ ብትከሻት 'የፔንሲልቫኒያ ዳኛ እኔን የማዘዝ ሥልጣን የለውም' ልትል ትችላለች። ሳትመጣ ቀርታ ብትረቻት እንኳ፣ ፍርዱን ተሸክመሽ እዚያ ድረስ ሄደሽ 'አስፈጽሙልኝ' ብለሽ ሌላ ደጅ ትጠኛለሽ። ደግሞ ውሉ ላይ፣ ክርክር ቢነሣ እሷ ባለችበት ወረዳ ይታያል ይላል።"

"እኔ እንደዚያ ብዬ አልተስማማሁም!"

"ተጭነሻላ።"

"በጣቴ ነው የተጫንኩት!"

"ጣትሽ ያንቺው ነው፣ ሎሬታ።"

ባንኩም አንዴ የተላከ አይመለስም ብሏታል። የሸማቾችን አቤቱታ ለሚቀበሉት ለሁለቱም ግዛቶች መሥሪያ ቤቶች ጽፋ ነበር፤ አንዱ አቤቱታዎ ተመዝግቧል አላት፤ ሌላው ዝም አለ። ዋሊስ ይህን ሁሉ ሰምቶ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

"እንግዲያው እዚያው ሄደሽ ክሰሻት። አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚያይ ችሎት አላቸው፤ ጠበቃም አያስፈልግሽም። ቡችላው የተወለደበት ወረዳ ዳኛ ሥልጣን የለኝም አይልሽም። ግን ስሚኝ፣ የምታገኚው ለመንገድሽም ላይበቃ ይችላል።"

"ስለ ገንዘብ ማን አነሣ?" አለችው።

ማታ እራት ላይ ኤመሪ ይህንኑ ጠየቃት። "ምን... ፈልገሽ ነው?"

ሎሬታ ሹካዋን አስቀመጠች። እስከዚያ ድረስ ለራሷም በቃል አልተናገረችውም። "እናቲቱ ደግማ እንዳትወልድ። ሌላ ሰው ቤት ደረጃ ላይ ሌላ ቡችላ እንዳይወድቅ። ያቺ ሴትዮ ደግሞ ዳኛ ፊት ቆማ ጥፋቷን እንድትሰማው።"

ኤመሪ ሲያላምጥ ቆየ። "እኔም... እመጣለሁ። እሱም።"

ክሱን በፖስታ አስገብታ ቀጠሮው ሲደርስ ሦስቱም ተነሡ። ሎሬታ ነዳች፤ ኤመሪ ከጎኗ፣ ፒሮጊ ከኋላ። አሁን ቡችላው የኋላውን ወንበር ሞልቶታል። መንገድ ላይ፣ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ያደሩበት ሞቴል እንግዳ ተቀባይዋ ግድግዳው ላይ ወዳለው ጽሑፍ ጠቆመች። "አዝናለሁ፣ ውሻ አይገባም።"

ኤመሪ ባንኮኒውን ተደግፎ ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣ። "ውሻ... አይደለም። ከሳሽ ነው።"

ልጅቷ በሣቅ ፈረሰች፤ ጀርባዋን አዙራም "እኔ ምንም አላየሁም" አለች።

የሚዙሪው ፍርድ ቤት የጡብ ሕንፃ ነው፤ ፊት ለፊቱ የመኖና የእርሻ ዕቃ መደብር አለ። ችሎት ውሻ ስለማያስገባ ኤመሪና ፒሮጊ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቀሩ። ሎሬታ ብቻዋን ገባች። ጆሊን ቲብስ ከወዲያ በኩል ቆማለች። ሎሬታ በመንገዱ ሁሉ ቀለማም ጥፍር ያላት፣ ሽቶ የነሰነሰች ሴት እያሰበች ነበር የመጣችው። ያየችው ግን አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ጭቃ የነካ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ዓይኖቿ በእንቅልፍ እጦት የጎደጎዱ ሴት ነው። ይህ አናደዳት። ሎሬታ በቀላሉ እንዳትጠላት ሴትየዋ ሆን ብላ የለበሰችው መሰላት።

"ወይዘሮ ኮቫች" አሉ ዳኛው፤ ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

"ወይዘሪት።"

"ይቅርታ፣ ወይዘሪት ኮቫች። ያስረዱ።"

አስረዳች። የዶክተሯንም ወረቀት ሰጠች። ዳኛው አንብበው ወደ ጆሊን ዞሩ።

"ክቡር ዳኛ፣ እኔ ልለውጥላቸው ዝግጁ ነበርኩ" አለች ጆሊን። "ውሉ እንደዚያ ይላል። አልመልስም ያሉት እሳቸው ናቸው።"

"ለምን አልመለሱትም?"

"ክቡር ዳኛ፣ ወንድሜ ስም አውጥቶለታል" አለች ሎሬታ። ሌላ የተዘጋጀችበት ንግግር ነበራት፤ ግን ከአፏ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ዳኛው ወረቀቱን ወደ ጎን አኖሩት። "እኔ ቤት ሁለት ውሾች አሉኝ። ስለዚህ የሚሉት ይገባኛል። በሕግ ዓይን ግን ይህ ውሻ ንብረት ነው፤ ከዚህ ጠረጴዛ አይለይም። ጠረጴዛው ጎደሎ ከሆነ ይለወጣል፣ ወይ ይካሳል። እኔ የማየው ይህንን ነው።" ከዚያም ወሰኑ። ጆሊን "ከዘር በሽታ ነጻ" ብላ ሸጣለች፤ ነጻ አልነበረም። ስለዚህ ለሕክምናው የወጣውን ትክፈል። ውሻው በሎሬታ እጅ ስለቀረ የተሸጠበት ዋጋ አይመለስም።

"ክቡር ዳኛ፣ ገንዘቡስ ይቅር" አለች ሎሬታ። "እናቲቱ ዳግም እንዳትወልድ ይዘዙልኝ።"

"አልችልም።"

"ዳኛ አይደሉም እንዴ?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አለ። ዳኛው ግን አልተቆጡም። "ነኝ፣ ወይዘሪት ኮቫች። ግን ይህ ትንሽ ችሎት ነው። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ መስጠት የምችለው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር እጄ ላይ የለም። ከዚህ በር ውጪ ግን ሁለታችሁም ነጻ ሰዎች ናችሁ። እኔ ማዘዝ የማልችለውን እናንተ መስማማት ትችላላችሁ።"

ሎሬታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ረትታለች፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣችበት ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ጨርሶ እንዳልነበረ ገባት። ኤመሪ ፊቷን አይቶ ቦታ ለቀቀላትና አጠገቡ ተቀመጠች።

ጆሊን ተከትላ ወጣች። አልፋቸው ልትሄድ ነበር። ፒሮጊ ግን ተነሥቶ ጭራውን እየወዘወዘ መንገዷ ላይ ቆመ። ጆሊን ተንበረከከች። እጇ በልማድ ከንፈሩን ገልጦ ድዱን አየ።

"ነጣ ብሏል" አለች ለራሷ። ቀጥላም፣ "ጆሮው ቁርጥ የእናቱ ነው።"

"ስሟ... ማነው?" አለ ኤመሪ።

"ኦፓል።"

"ስንት ልጆቿ... ሞቱ?"

ሎሬታ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አላሰበችም ነበር። ጆሊን ከተንበረከከችበት አልተነሣችም።

"አንዱን አውቃለሁ። ካንሳስ ነው። ከልጆች ጋር ኳስ ሲያሳድድ ወደቀ አሉኝ። ሙቀቱ ነው አልኳቸው።" ፒሮጊን ማሻሸቷን አላቆመችም። "ሙቀት ነው ብዬ ራሴንም አሳመንኩ።"

"ለምን አላስመረመርሻትም?" አለች ሎሬታ።

"ካስመረመርኳት አውቀዋለኋ! ካወቅኩ ደግሞ መሸጥ አልችልም። እርስዎ ምን ያውቃሉ፣ እናቴ? ዶሮ እናረባ ነበር፤ ከሰርን። ባሌ ጀርባው ተሰብሮ ተኝቷል። ያቺ ውሻ ናት ቤቱን የያዘችው።"

ሎሬታ መልስ ነበራት፤ ብዙ መልስ ነበራት። ነገር ግን እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየችው። "ይህን ፍርድ ልተውልሽ። ኦፓልን ስጪኝ።"

ጆሊን ብድግ አለች። "እየቀለዱ ነው? እሷ እኮ የዚህን ብዙ እጥፍ ታወጣለች!"

"ገና ያልተወለዱትን ልጆቿን ቆጥረሽ ነው።"

"እንዴታ! ምን ልቁጠር ታዲያ?"

"ተያት፣ ሎሬታ" አለ ኤመሪ። "ታስብ።"

ጆሊን ኮሪደሩን እየረገጠች ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሎሬታ ፍርዱ እንዴት እንደሚፈጸም ለመጠየቅ ስትመለስ፣ የፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ አሮጌ ፒክአፕ ቆሞ አገኘች። ጆሊን አጠገቡ ቆማለች። ገመድ ይዛለች፤ በገመዱ ጫፍ ሽበት ጣል ጣል ያለባት ትልቅ ጥቁር ውሻ አለች።

"ትናንት ማታ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ አዳመጥኳት" አለች ጆሊን፣ ሰላምታም ሳትሰጥ። "ስንት ዓመት አብራኝ ኖራ አንድ ቀን አድርጌው አላውቅም። ልቧ እንደ ሌሎቹ 'ድም ድም' አይልም። ውሃ በጠባብ ቱቦ ሲያልፍ እንደሚንሿሿው ነው።" ገመዱን ለሎሬታ ዘረጋች። "ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ይበሉ፤ እንፈርም።"

ገብተው ፈረሙ፤ ጸሐፊዋም ፍርዱ እንደተፈጸመ ተቆጥሮ መዝገቡ ይዘጋል አለች። ሲወጡ ሎሬታ ጠየቀቻት።

"አባትየውስ?"

"አስመረምረዋለሁ።"

"በምን አውቃለሁ?"

"በምንም አያውቁም" አለች ጆሊን። ሎሬታ በኋላ እንዳጫወተችን፣ ከሴትየዋ ከሰማችው ሁሉ ሙሉ በሙሉ ያመነችው ይህንን ነው።

ኦፓል መኪናው ውስጥ አልገባም አለች። ኤመሪ ጠራት፤ ሎሬታ ገፋቻት፤ አራት እግሯን ተክላ ቀረች። በመጨረሻ ጆሊን ራሷ ገብታ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ኦፓል ተከትላት ገብታ ጭኗ ላይ ራሷን ጣለች። ጆሊን ጆሮዋን እያሻሸች አንድ ነገር አንሾካሾከችላት፤ ከዚያም በወዲያኛው በር ወጥታ ዘጋችው። ዞራም አላየችም።

ኦፓል ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ኖራ አታውቅም ነበርና መጀመሪያ የወለሉ ማንሸራተት አስፈራት፤ ቴሌቪዥኑም አስጮኻት። ዶክተር ዮስት ማህፀኗን አወጣችላት። ልቧን አይታም በሽታው እንዳለባት፣ ግን እንዳልጠናባት ነገረቻቸው። ፒሮጊ ከእናቱ ጋር ሁለት ክረምት አየ። ኤመሪ ሁለቱን በግራና በቀኝ አድርጎ ዳገቱን ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ ለምዶት ነበር። በሦስተኛው ክረምት አንድ ጠዋት፣ ግቢው ውስጥ በረዶ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ የኤመሪ እጅ ጆሮው ላይ እንዳለ ፒሮጊ ሞተ። አልተንፈራገጠም። ኤመሪ ለሳምንት ያህል ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ከዚያ ኦፓል በሩ ላይ ቆማ ስታለቃቅስ "መጣሁ፣ መጣሁ" እያለ ተነሣ። ይህን ሲል ምላሱ አልተያዘም።

በጸደይ ስልክ ተደወለ። ጆሊን ነበረች።

"አባትየውን አስመረመርኩት። ደህና ነው። አሁን ገጹ ላይ 'ከዘር በሽታ ነጻ' ብዬ አልጽፍም፤ ምን እንደተመረመረ ብቻ ነው የምጽፈው።" ከዚያም ጠየቀች፣ "ቡችላውስ?"

"ሞተ" አለች ሎሬታ።

ጆሊን "ውይ!" አለች። ሎሬታም አላጽናናቻትም፤ ገና ያን ያህል አልቀለላትም ነበር። ስልኩን ግን አልዘጋችውም።

"ኦፓልስ እንዴት ናት?" አለች ጆሊን በመጨረሻ።

"ከወንድሜ ጋር ወጥታለች።"

"ይቆያሉ?"

"እንጃ። ሁለቱም ቀርፋፋ ናቸው።"

"እስኪመጡ ብጠብቅ ቅር ይልዎታል? ድምፄን ብታውቀው ብዬ ነው።"

ሎሬታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለ ዘንድሮው ዝናብ፣ ስለ ጆሊን ባል ጀርባ፣ እዚያ ወገን ስለጀመረው የሣር አጨዳ እያወሩ ጠበቁ።